ከባሕር ማዶ የተጠራው ዝናብ

አባቴ ጃፓንን በካርታ ላይ እንኳ አይቶ አያውቅም። በ2003 ዓ.ም. በልግ ግን የጃፓንን ዝናብ ወደ ጨፋ ጠርቶ አመጣ ተብሎ ተከሰሰ። ከሳሾቹ ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ምስክሮቹም እነዚያው ጎረቤቶች። ዳኛ አድርገው የመረጡት ደግሞ እኔን ነው። የተከሳሽ ልጅ ዳኛ ስትሆን የታየው እዚያ መንደር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ጊዜ ከሚሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጃችንን ይዤ ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት እኖራለሁ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጨፋ ሜዳ ተረተሩን ታክኮ በሚጀምርበት መንደር፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። ብቻውን ስል ግን ቤቱ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ዱአው ይሰማል ስለሚባል የታመመም፣ ልጁን የሚድርም፣ ላሟ የጠፋባትም ደጁን ሳይረግጥ አይውልም። እኔ ክኒን ሰጥቼ የሸኘሁት በሽተኛ ሳይቀር እሱ ዘንድ ሄዶ ያስመርቃል። ሲሻለው ምስጋናው ለማን እንደሚሄድ መቼም አይጠፋችሁም።

በዚያ ዓመት በልጉ ዘገየ። የጨፋ ማሽላ ቶሎ የሚደርስ ዓይነት አይደለም። በበልጉ ዝናብ መሬት ካልገባ ክረምቱ ቢዘንብለትም ፍሬው ሳይሞላ ዝናቡ ያልቅበታል። የካቲት አልቆ ሰማዩ አሁንም ብራ ሲሆን መንደርተኛው እንደ ልማዱ አባቴ ቤት ወዳጃ ተቀመጠ። ወዳጃ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ችግር ሲመጣ ሰፈርተኛው አንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱን ይዞ፣ ድቤ እየመታ ፈጣሪን የሚለምንበት ጉባኤ ነው። አንዱ ዱአ ያደርጋል፤ ሌላው አሚን ይላል። እዚያ መንደር ዱአ አድራጊው አባቴ ነው።

በዕለቱ እኔም ልጄን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። አባቴ ሲለምን ቃል አይሰስትም። እንዲህ ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«ያ ረቢ፣ ዝናቡን ስጠን። ከቅርብ ካለ ከቅርብ፣ ከቅርብ ከሌለ ከሩቅ። ከባሕር ማዶም ቢሆን እንደ ከብት ነድተህ አምጣልን።»

«አሚን» አለ ቤቱ ሁሉ። በተለይ ባሕር ማዶው ላይ ሲደርስ አሚኑ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ከሁሉ በላይ የጮኸው ጎረቤታችን ነው። ይህ ጎረቤታችን የአባቴ መቀናጆ ነበር። አባቴ ያለው አንድ በሬ ነው፤ የእሱም አንድ። ሁለቱን አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ ተራ በተራ ያርሳሉ። ከአባቴ በዕድሜ ያንሳል፣ በቁመት ይበልጣል፣ በድምፅ ደግሞ የሚስተካከለው የለም።

ከዚያ በኋላ የጃፓን ወሬ ደረሰ። መሬት ተንቀጥቅጦ፣ ባሕር ከአልጋው ወጥቶ ከተማ ጠረገ፤ በዚህ ላይ የኑክሌር ማብላያው ተበላሽቶ ጨረር መልቀቅ ጀመረ። ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ዲሽ ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር የሚያየው። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች፣ ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው፣ የሕፃናትን ጫማ ሳይቀር በመሣሪያ ሲያሸቱ እናይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከልብ አዘንን። «ሱብሃነላህ፣ ምስኪኖች» ያላለ አልነበረም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐዘኑ ወደ ራሳችን ዞረ።

ያዞረው በስልክ የመጣ መልእክት ነው። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ደርሶታል። የጃፓን ደመና ወደ እኛ እየመጣ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካችሁ፣ ወተት እንዳትጠጡ፣ አንገታችሁን አዮዲን ተቀቡ ይላል። በነጋታው ጤና ጣቢያ ስገባ ተራ ይዞ የተቀመጠው ሰው ግማሹ አንገቱ ቡናማ ነው። ቁስል የሚጠረግበት አዮዲን ከየፋርማሲው ተሟጦ አለቀ። አንዱ በነጭ ሸሚዝ ላይ ተቀብቶ ኮሌታው የተቆላ ቡና መስሏል። እኔ ነገር ካየሁ ዝም የማልል ሰው ነኝ፤ «አንተን ጨረሩ ሳይሆን ሚስትህ ናት የምትጨርስህ» አልኩት።

ሁሉም ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ባለ ባጃጅ ሆዱን ይዞ እየተጎተተ መጣ። ጉሮሮው ተቃጥሏል፣ ያስመልሰዋል። ምን እንደበላ ስጠይቀው መጀመሪያ አፈረ።

«አንገቴን ቀባሁና» አለ በመጨረሻ፣ «በውስጥም ይግባ ብዬ ጎንጨት አልኩለት።»

«ለማን?»

«ለጨረሩ።»

ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። አልሀምዱሊላህ፣ የጠጣው ትንሽ ስለነበር ተረፈ። በዚያ በልግ በጃፓን ማብላያ ሰበብ ጤና ጣቢያችን ውስጥ አልጋ የያዘ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ጨረር አልነካውም።

ደግሞ ከተረተሩ የወረዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ እንቅርት ያለባቸው። ተራቸው ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እንቅርቴ በአዮዲን ማነስ የመጣ ነው ብላችሁኛል። አሁን ደግሞ ያ ደመና አዮዲን ተሸክሟል አሉ። ታዲያ ወጥቼ ትንሽ ቢዘንብብኝ አይሻለኝም?»

ያ የተበላሸ አዮዲን ነው፣ ደህናው ያለው አዮዲን በተጨመረበት ጨው ውስጥ ነው፣ ጨው ሲገዙ እሱን ይጠይቁ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በልባቸው ከባሕር ማዶ የመጣን ነገር ልትከለክለኝ ነው ሳይሉ አልቀሩም።

ዝናቡ የመጣው ልክ በዚህ መሀል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተረተሩ በኩል ጠቆረና ወረደ። ከሚሴ ዝናብ ስታገኝ እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ፤ ሕፃናት በቦዩ ይሯሯጣሉ፣ ሴቶች ከአሸንዳ ስር ባልዲና ጀሪካን ይደረድራሉ። ያን ቀን ባልዲ ያወጣ የለም። ሰው ከጣሪያ ስር ግድግዳ ተለጥፎ ሰማዩን በጎሪጥ ያያል። ያ ሁሉ ዱአ የተደረገለት ዝናብ መጥቶ በር ተዘጋበት።

እኔስ? ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም ፈራሁ። ለራሴ አልነበረም። ኮሌጅ ሳለን የተማርኩት ትዝ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ አዮዲኑ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ሣሩን ትበላለች፣ ሕፃኑ ወተቱን ይጠጣል፣ ከዚያ እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት እጢ ውስጥ ይቀመጣል። የሚጎዳው ከሁሉ አብልጦ ሕፃናትን ነው። የእኔ ልጅ ደግሞ ከወተት ሌላ ምግብ መኖሩን ገና አላመነችም። ርቀቱ ምን ያህል እንደሚለውጠው ግን የተማርኩትም የማስታውሰውም ነገር አልነበረኝም። ደሴ ላለው የድሮ አስተማሪዬ ደወልኩ። ራጅ ክፍል ውስጥ ፀጉሩን ያሸበተ፣ ሳይቀልድ የማይናገር ሰው ነው።

«ከሚሴም ፈራችሁ?» አለኝ ሳልጨርስ። «ደሴም አንገቷን ተቀብታለች።»

ከዚያ ቀልዱን ተወና አስረዳኝ። ማብላያው አጠገብ ላለ ሰው አደጋው እውነት ነው አለ፤ አየሩም፣ ውሃውም፣ ጎመኑም፣ ወተቱም። ለዚያ ነው ከቤታቸው ያወጧቸው። የአዮዲን ክኒን የሚሰጠውም ለእነሱ ነው፣ በጊዜውና በመጠኑ። በቁስል መጥረጊያው አይደለም። ደመናው ይህን ሁሉ አገርና ባሕር እስኪያቋርጥ ይበተናል፣ በየመንገዱ ይረግፋል። የወተቱ ጠላት የሆነው አዮዲን ደግሞ በስምንት ቀን ገደማ ግማሹ ይጠፋል፣ ከዚያ የቀረው ግማሽ እንደገና።

«ምንም አይደርስም አልልሽም» አለ። «ረቂቅ መሣሪያ ያለው ሰው ከዓለም ዳር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መገኘትና መጉዳት ግን ለየቅል ናቸው። ከረገጥሽው አፈርና ከድንጋዩ ከተወለድሽ ጀምሮ የሚደርስሽ ጨረር ከዚያ ይበልጣል። ልጅሽን ወተቷን አጠጪያት።»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወተት ቀዳሁላት። ሁለት ኩባያ ጠጣች፤ ሦስተኛውን በላዬ ላይ ደፋችው።

በገበያው ቀን የመቀናጆው ሚስት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ ጠራችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከባሏ በተቃራኒ ድምፅዋን የማታነሳ ሴት ናት። ከበሩ ጀርባ ወስዳኝ አካባቢዋን አየች።

«አባትሽን ብታያቸው ይሻላል» አለችኝ። «ሰዉ ዱአውን ያንሱ እያላቸው ነው።»

«የምን ዱአ?»

«የባሕር ማዶውን። 'እሳቸው ናቸው ከባሕር ማዶ ነድተህ አምጣ ያሉ፣ ረቢ ሰማቸው፣ ይኸው የጃፓኑን አመጣ' ይላሉ። ሌላ ወዳጃ ተቀምጠው ዝናቡን ይመልሱ ነው የሚሉ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«የእኔውም ሰውዬ በሬውን ያዘ» አለች። «በዚያ ዝናብ በራሰ መሬት በሬዬን አላሰማራም አለ። አባትሽ ዘሩን አበጥረው በእንቅብ አስቀምጠው በር በሩን ያያሉ። ሰው አይመጣላቸውም። መሬቱ ደግሞ እየደረቀ ነው።»

ሳቄ ጠፋ። ያ ማሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የአባቴም ጉልበት ሞፈር ከተሸከመ ቆይቷል፤ የሚዘራለት ጅጌ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ባንድ ቀን የሚጨርስለት። በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተዘራ እርጥበቱ ያልቃል፣ የዓመቱ እህል ቀረ ማለት ነው። የእሱ ብቻ አይደለም፣ የዚያ ሁሉ ሰው። ከዚያ በላይ ያመመኝ ግን በር በሩን ያያሉ ያለችው ነው። አባቴ ከሰው ተለይቶ መዋል አያውቅበትም።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ያገኘሁት ባጃጅ የማን ነው? የዚያው አዮዲን የጠጣው ልጅ። ግራና ቀኙን በላስቲክ ሸፍኖ መተንፈሻ አሳጥቶታል። መስኮቱን ክፈት አልኩት፤ ያካፋል አለኝ። «አንተን ያስተኛህ ዝናብ ነው?» ስለው ላስቲኩን ጠቀለለ። የመንገዱ ዳርና ዳር ማሳ ታርሶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ለዘር ተሰናድቶ ተኝቷል። አንድም ሰው አልነበረበትም።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየን ፊቱ በራ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አለኝ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቱ ነው። ከሰዓትም ቢሆን እሱ ልጁን የሚጠይቃት አዳሯን ነው።

«ነገያ፣ ገለታ ረቢ» አልኩት፣ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለቴ ነው። «አባ፣ ምነው ከሱ?»

«ሰው የሌለበት ማዕድ አይወርድልኝም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ይመጣሉ። ወዳጃ ጠርቻለሁ» አለኝ።

«ዝናቡን ሊመልሱ?»

ልጄን ከጀርባዬ ተቀብሎ እንቅቡ አጠገብ አስቀመጣት። እሷም ወዲያው እጇን ማሽላው ውስጥ ነከረች።

ሰዉ ከተሲያቱ የአስር ሰላት በኋላ መጣ። ነጠላና ጋቢ ተከናንቦ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ አንዳንዱም ማዳበሪያ ጆንያ ደርቦ። ቤቱ ሞላ፤ ጨዋታ ግን አልነበረም። መቀናጆው በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቡናማ ነው። ነገሩን የከፈተውም እሱ ነው።

«አባባ፣ እኛ እርስዎን አንጠላም» አለ። «ግን ቃሉ ከአፍዎ ነው የወጣ። ከቅርብ ባሉ ኖሮ ምን ነበረበት? እኛ የጠየቅነው የወሎን ዝናብ ነው።»

«እኔ ብቻዬን ነው እንዴ የለመንኩት?» አለ አባቴ። «አሚን ያለው ማነው? የአንተ አሚን እኮ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ አመለጠ። መቀናጆው ጢሙን ነካ ነካ አደረገ።

«ያኔ አላወቅንም» አለ። «አሁን አውቀናል። ሜ እስቲ፣ ልጅዎ የሕክምና ሰው ናት፣ እሷ ትፍረደን። እውነቱን ንገሪን፣ ለአባትሽ ሳታደይ።»

ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ብዙ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ክትባትም ስለ ወባም አስተምሬ አውቃለሁ። በአባቴ ነገር ፍረጂ የተባልኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ ሰንበቴ ገበያ ጨው ትገዛለህ አይደል?» አልኩት።

«እገዛለሁ።»

«አንድ ጭብጥ ጨው ድስት ውስጥ ብትጨምር ወጡ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ቦርከና ወንዝ ውስጥስ ብትጨምረው? በክረምት፣ ሞልቶ ሳለ። አፋር ወርደህ ብትጠጣለት ጨው ጨው ይልሃል?»

ከዚያ አስተማሪዬ የነገረኝን በእኛ ቋንቋ አድርጌ ዘረዘርኩላቸው። ድስቱ ውስጥ ያሉት እነዚያ ማብላያው አጠገብ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው አልኩ። ለእነሱ አደጋው የሐሰት አይደለም፤ ወተታቸውን ደፍተዋል፣ ቤታቸውን ዘግተው ሸሽተዋል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ተበትኖ ያልቃል። ደረሰ ቢባል እንኳ የሚያገኘው መሣሪያ እንጂ ሰውነታችን አይደለም። ከሚሴ ላይ የታመመው ሰው አዮዲን የጠጣው ነው። ይህን ስል ከደጅ የሚጠብቀኝ ባለ ባጃጅ ሳለ። ይቅር ይበለኝ፣ ምሳሌ ያስፈልገኝ ነበር።

አንዲት ሴት ስለ ወተቱ ጠየቀች። ጠጡት፣ ግን አፍሉት፣ እሱም ለጨረሩ ሳይሆን ለሌላው በሽታ ነው አልኳት። መቀናጆው እጁን አነሳ።

«እኔ ለቤቴ ከልክያለሁ» አለ። «ዝናቡ ከዘነበ ወዲህ የላሜን ወተት አንድ ሰው አልቀመሰም።»

«ማነው አልቀመሰም ያለህ?» አለች ሚስቱ ከጥግ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔና ልጆቹ ስንጠጣ ነው የከረምን። ምን ሆንን?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መቀናጆው ራሱ መሳቅ ይሁን መቆጣት እንዳለበት ግራ ገብቶት ዞር ዞር አለ። በዚህ መሀል አልኩ ለራሴ፣ ጠጥቶ አለመታመም ማስረጃ አይደለም፣ እንዲህ ያለው ጉዳት ቢኖር እንኳ ቶሎ አይታይም። ግን የሳቁን ሥራ የጨው ምሳሌዬ አልሠራውምና አላረምኳትም።

ሳቁ ሲበርድ መቀናጆው ወደኔ ዞረ። አሁን አይቀልድም።

«ዱጋ ነው የምትይው?» አለኝ። «እውነት ነው? ልጅሽንስ በዚያ ዝናብ ታወጫታለሽ?»

ልጄ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ማሽላ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታፈሳለች። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር።

«እዚያ፣ ማብላያው አጠገብ ብሆን አዝያት በሌሊት እሸሽ ነበር» አልኩት። «በሩን አልከፍትላትም፣ ወተት አላጠጣትም። እዚህ ግን ዛሬ ጠዋት ወተቷን ጠጥታ ነው የመጣችው። ነገ ትዘሩ እንደሆነ እኔም እሷም ማሳው ላይ እንውላለን። ባይሆን በሬውን አትስጥ።»

ከደጅ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁሉም አባቴን ይጠብቃል። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«እነዚያ ሸሹ ያልሻቸው ሰዎች» አለኝ፣ «ገበሬ አለባቸው?»

«አለባቸው አባ። ሩዝ ነው የሚያመርቱት። ከብትም ያረባሉ።»

«ከብቶቹስ?»

«አንዳንዱ ታስሮ ቀርቷል አሉ።»

«ማሳቸውስ?»

«እንዳይዘሩ ተከልክለዋል።»

አባቴ አጎንብሶ የልጄን እጅ ከማሽላው ውስጥ አወጣና በመዳፉ ያዘው። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁ። አባቴ እናቴ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም።

«እኛ የዝናባቸውን ነገር ስናወራ ከረምን» አለ። «ስለነሱ አሚን ያለ ግን የለም።»

እጁን ዘረጋ። ሰዉም ዘረጋ፤ ዝናቡን ይመልሳል ብሎ የመጣውም ጭምር።

«ያ ረቢ፣ የላክኸውን ዝናብ ተቀብለናል። አልሀምዱሊላህ። ለእነዚያ ከማሳቸው ለተፈናቀሉት፣ ቋንቋቸውን ለማናውቀው፣ መሬታቸውን አጽዳላቸው። ከብታቸውን ተካላቸው። ልጆቻቸውን ጠብቅላቸው። እንደገና የሚዘሩበትን ቀን አሳያቸው።»

«አሚን» አለ መቀናጆው። ከሁሉ ቀድሞ፣ በዚያው ጣሪያ በሚያነሳ ድምፁ።

በነጋታው ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የበሬ እግር ሰማሁ። መቀናጆው በሬውን እየነዳ ደጃችን ቆሟል፣ አንገቱን በሳሙና አሽቶ አሽቶ አቅልቶ። ከኋላው ጅጌው ይመጣል። ዝናቡ ያካፋል፤ ጃንጥላ የያዘ አንድም አልነበረም። አባቴ ዘሩን በእንቅብ ይዞ ከፊት ወጣ፤ መጀመሪያ የሚበትነው እሱ ነው፣ ቀሪውን ወጣቶቹ ይቀበሉታል። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ስትወጣ ከጥርሷ በቀር ንጹሕ ቦታ አልነበራትም። ባለ ባጃጁም ከተማ አልተመለሰም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ከጅጌው ጋር ዋለ። የአሮጊቷንም ምኞት አሰብኩ፤ ቢኖሩ ኖሮ ከሁላችን ቀድመው አንገታቸውን ለዝናቡ ይሰጡት ነበር። ማሽላው በዚያ ዓመት ሰው አይታይበትም እስኪባል ድረስ ቁመት አወጣ።

አባቴ ከዚያ በኋላም ዝናብ ለመነ። ቃል አለመሰሰቱንም አልተወም። መቀናጆው ግን ባሕር ማዶ የሚለው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሰዉም ይስቃል፣ አባቴም «የቀረበውን» ብሎ ያስተካክላል። የእኛ መንደር ዱአ እንዲህ እየታረመ ነው የሚደረግ። ከዝናቡ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሳይታረም ቀረ። በየበልጉ ለእነዚያ ሰዎች ይለምናል፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ ይጠይቀኛል፦

«ጃፓኖቹ ዘሩ ወይ?»

«ገና ናቸው፣ አባ።»

ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ መልሴ ያው ነበር። በኋላ በኋላ እኔ ረሳሁት፤ እሱ አልረሳም። አልጋ ላይ በዋለበት በልግ፣ ልጄ ትልቅ ሆና ትምህርት ቤት ገብታ፣ መቀናጆውም አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ ያንኑ ጠየቀኝ። ያን ሰሞን ዜና ሰምቼ ነበር።

«በአንዳንዱ ቦታ ጀምረዋል አሉ፣ አባ። መሬቱ ተመርምሮ ደህና ሲሆን እየተመለሱ ነው። ሩዝ ዘርተዋል።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ። ትራሱን አመቻቸሁለት፤ የሚተኛ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ግን ከጣሪያው ላይ አልተነሳም።

«ጅጌ ወጣላቸው ይሆን?» አለ።